በወህኒ ቤት የተሠራ ስሌት
የሰርብያዊው የሒሳብ ሊቅ የሚሉቲን ሚላንኮቪች የሕይወት ታሪክ

በሳይንስ ታሪክ ስማቸው ከሚነሣ ሊቃውንት መካከል ብዙዎቹ የታወቁት አዲስ መሣሪያ በመሥራታቸው ወይም ከእነርሱ በፊት ማንም ያላየውን ነገር በማየታቸው ነው። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርበው ሰው ግን መሣሪያው ብዕርና ወረቀት ብቻ ነበር። መነጽር አቁሞ ከዋክብትን አልመረመረም፤ ተራራ ወጥቶም የበረዶን ውፍረት አልለካም፤ ተቀምጦ አሰላ እንጂ። በስሌቱም መሬት ከብዙ መቶ ሺህ ዓመታት በፊት ከፀሐይ የምትቀበለው ሙቀት ምን ያህል እንደ ነበረ፤ የሰሜን አገሮችም አንድ ጊዜ በበረዶ ተሸፍነው ሌላ ጊዜ ከበረዶው የተገላገሉበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ቻለ። ይህ ሰው ሰርብያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ነው።

ታሪኩ በትምህርት ላይ ላሉና የመንግሥት ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች የሚጠቅመው ግን ስለ ሊቅነቱ ብቻ አይደለም። ይህ ሰው በታላቅ ከተማ ጥሩ ገንዘብና ጥሩ ስም የሚያገኝበትን ሥራ ትቶ ወደ ትንሽ አገር መምህር ሆኖ ሄደ። በዚያም ሠላሳ ዓመት የደከመበትን ሥራ የዘመኑ ሊቃውንት ተቀብለው አመሰገኑት፤ ቆይተው ደግሞ ስሕተት ነው ብለው ተዉት። እርሱም ሥራው እንደ ተናቀ ሞተ። ስሌቱ መመስከሪያ ያገኘው ከሞተ ከ18 ዓመት በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሚላንኮቪች በሜይ 28 ቀን 1879 ዓ.ም. በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዳልይ መንደር ተወለደ። መንደሪቱ ያን ጊዜ በኦስትሪያና በሁንጋሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የክሮኤሽያ ናት። ቤተ ሰቡ ግን ሰርቦች ነበሩ። አባቱ ነጋዴና ባለ ርስት ሲሆን ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። ከሰባት ልጆች የመጀመሪያዎቹ እርሱና መንታ እኅቱ ሚሌና ነበሩ። ልጆቹን እናታቸው፤ አያታቸውና አጎታቸው ተረዳድተው አሳደጓቸው። ከወንድሞቹ ሦስቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ሚሉቲንም ጤናው ደካማ ስለ ነበረ የመጀመሪያውን ትምህርት በቤቱ ተማረ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በኦሲየክ ከተማ ከፈጸመ በኋላ በ1896 ዓ.ም. ወደ ቪየና ሄዶ ከፍተኛ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ገባ። በ1902 ዓ.ም. በመሐንዲስነት ተመረቀ፤ ከአጎቱ በተበደረው ገንዘብ ትምህርቱን ቀጥሎም በ1904 ዓ.ም. የዶክተርነትን ማዕረግ አገኘ። በሚከተለው ዓመት በዚያው በቪየና በአንድ የታወቀ የሕንፃ ሥራ ኩባንያ ተቀጠረ። አርማታ በዚያን ዘመን ገና አዲስ ነገር ነበርና፤ አንድ ግድብ ወይም አንድ ድልድይ የሚሸከመውን ክብደት አስቀድሞ በሒሳብ አስልቶ የሚናገር መሐንዲስ እጅግ ይፈለግ ነበር። ሚላንኮቪችም በንጉሠ ነገሥቱ ግዛት በልዩ ልዩ ስፍራ የግድብና የድልድይ ሥራ ሠራ፤ ስለ አርማታ አሠራር ላወጣቸው አዳዲስ ዘዴዎችም የፈጠራ መብት ተሰጠው።

በዚህ ሥራ የተማረው አንድ ነገር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ጠቀመው። መሐንዲስ ድልድዩ እስኪሰበር ጠብቆ አይማርም። ሸክሙ ምን ያህል እንደ ሆነ ካወቀ፤ ድልድዩ በሸክሙ ሥር ምን ያህል እንደሚጎብጥ አስቀድሞ ያሰላል። ሚላንኮቪች በኋላ ስለ አየር ጠባይ ያነሣው ጥያቄም ከዚሁ ጋር አንድ ዐይነት ነበር። መሬት ከውጭ የሚመጣባት ሸክም የፀሐይ ጨረር ነው። ጨረሩ ሲበዛ ወይም ሲያንስ የአየር ጠባይዋ ምን ያህል ይለወጣል? ይህንንስ አስቀድሞ በሒሳብ ማወቅ ይቻላልን? የዕድሜ ልክ ሥራው ይህ ሆነ።

ቪየናን ትቶ ወደ ቤልግራድ

በ1909 ዓ.ም. የቤልግራድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር አድርጎ ጠራው። ሰርብያ ያን ጊዜ ትንሽ መንግሥት ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚህ ስም ከተጠራ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ደመወዙ በቪየና ከሚያገኘው እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ምርጫ እንደ ሞኝነት ሊቈጥረው ይችላል። ሚላንኮቪች ግን የወገኖቹን ልጆች ለማስተማርና ለመሠረታዊ የሳይንስ ጥያቄ ጊዜ ለማግኘት ብሎ እሺ አለ። ኑሮው እንዳይጐድል የምሕንድስና ስሌት አልፎ አልፎ በትርፍ ጊዜው ይሠራ ነበር። በቤልግራድም የመካኒክን፤ የሰማይ አካላትን እንቅስቃሴና የፊዚክስን ትምህርት ከአርባ ዓመት በላይ አስተማረ።

ቤልግራድ ከገባ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሆነውን ነገር እርሱ ራሱ ሲያጫውት ኖሯል። አንድ ባለቅኔ ጓደኛው የአገር ፍቅር ግጥሞቹን አሳትሞ ኖሮ ሁለቱ ወዳጆች ደስታቸውን ለመግለጽ ቡና ቤት ገቡ። ገንዘብ ስላልነበራቸው ያዘዙት ቡና ብቻ ነበር። በአጠገባቸው የተቀመጠ አንድ የባንክ ሹም ግጥሙን አይቶ በጣም ስለ ወደደው አሥር መጽሐፍ ገዝቶ ዋጋውን እዚያው ከፈለ። ወዳጆቹም ቡናውን ትተው ቀይ ወይን ጠጅ አዘዙ። ሦስተኛው ጠርሙስ ሲደርስ ባለቅኔው ሕዝቡን የሚያስደንቅ ታላቅ ቅኔ እንደሚጽፍ ፎከረ። ሚላንኮቪችም በበኩሉ ከዚያ የሚበልጥ ነገር እንደሚሠራ፤ ዓለሙን ሁሉ በአሳቡ ይዞ እስከ መጨረሻው ጥግ ብርሃን እንደሚያበራ ተናገረ። በጠጅ መካከል የተባለ ነገር ብዙውን ጊዜ ሲነጋ ይረሳል። እርሱ ግን በማግሥቱም አልረሳውም።

የመረጠው ጥያቄ

ከዚህ በኋላ ሌሎች ያልደረሱበትን የጥናት መስክ ይፈልግ ጀመር። የአየርን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች በዚያን ጊዜ ዋና ሥራቸው ሙቀትንና ዝናምን እየለኩ መመዝገብ ነበር። የከዋክብት ሊቃውንት በበኩላቸው የመሬትን መንገድ በትክክል ያውቃሉ፤ የፊዚክስ ሊቃውንት ደግሞ ጨረር እንዴት ሙቀት እንደሚሆን ያውቃሉ። ነገር ግን የሦስቱን ዕውቀት በአንድ ሒሳብ አገናኝቶ፤ ከፀሐይ ተነሥቶ በመሬት ላይ ያለውን ሙቀት እስከ ማወቅ የደረሰ ሰው አልነበረም። ሚላንኮቪች በዚህ ነገር የመጀመሪያውን ጽሑፉን በ1912 ዓ.ም. አወጣ።

የበረዶ ዘመን ምክንያት በሰማይ ነው የሚለው አሳብ ግን ከእርሱ በፊት የነበረ ነው። ከሁሉም ይልቅ የደከመበት ጄምስ ክሮል የሚባል የስኮትላንድ ሰው ነው። ክሮል የድሀ ልጅ ሲሆን በግላስጎው ከተማ በአንድ ኮሌጅ ጥበቃ ተቀጥሮ የኮሌጁን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን ያስተማረ ሰው ነበር። በ1875 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የበረዶ ዘመን የሚመጣው መሬት በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ሲለወጥ ነው አለ። ነገር ግን በእጁ የነበረው ቍጥር ጐደሎ ስለ ነበረ፤ የወሰነው ዘመንም ጂኦሎጂስቶች ካገኙት ጋር ስላልተስማማ፤ ሥራው ተረስቶ ቀረ።

ነገሩ እንዲገባን የመሬትን እንቅስቃሴ ጥቂት እንመልከት። አንደኛ፤ መሬት በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ፍጹም ክብ ሳይሆን በመጠኑ ሞላላ ነው። ሞላላነቱም ከዘመን ወደ ዘመን ይበዛል ያንሳል፤ ይህ ለውጥ 100 ሺህ ዓመት ያህል ይፈጃል። ሁለተኛ፤ መሬት የምትሽከረከርበት ዘንግ ዘመም ያለ ነው። ዛሬ የዘመመው 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ሲሆን፤ በ41 ሺህ ዓመት ውስጥ ከ22 ዲግሪ እስከ 24 ዲግሪ ተኩል ግድም እየተመላለሰ ይለዋወጣል። ሦስተኛ፤ እንዝርት ጉልበቱ ሲደክም ራሱ ዙሪያውን እንደሚዋልል፤ የመሬትም ዘንግ በ26 ሺህ ዓመት አንድ ጊዜ ዙሪያውን ይዞራል። ሞላላው መንገድም ራሱ ቀስ እያለ ስለሚዞር፤ መሬት ለፀሐይ የምትቀርብበት ወር በ21 ሺህ ዓመት ግድም ውስጥ ዓመቱን ሁሉ ያዳርሳል።

ዛሬ መሬት ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፤ እጅግ የምትርቀውም በሰኔ መጨረሻ ነው። የሁለቱ ልዩነት 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከ11 ሺህ ዓመት በፊት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ መሬት ለፀሐይ የምትቀርበው በሰኔ ግድም ነበረ። በዚህ ስፍራ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። የአውሮፓ የሙቀት ወራት የሆነው በጋ የሚውለው በእኛ ክረምት፤ ማለት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ በታች በጋ ስንል የአውሮፓውን በጋ ማለታችን ነው።

ዘመኑን በሙሉ ብንወስደው እነዚህ ለውጦች መሬት በዓመት የምትቀበለውን ጠቅላላ ሙቀት እምብዛም አያበዙትም አያሳንሱትም። የሚለውጡት ሙቀቱ በየወራቱና በየኬክሮሱ የሚከፋፈልበትን መጠን ነው። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ኬክሮስ፤ ለእያንዳንዱ ወራት፤ ለእያንዳንዱ ሺህ ዓመት ጨረሩን ማስላት ያስፈልጋል። ዛሬ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በቅጽበት የሚፈጽመው ይህ ሥራ በዚያን ጊዜ በእጅ የሚሠራ ነበር።

በወህኒ ቤት

ሚላንኮቪች በጁን ወር 1914 ዓ.ም. ክሪስቲና ቶፑዞቪች የምትባል ወጣት አገባና የጫጕላቸውን ጊዜ ለማሳለፍ ወደ ተወለደበት መንደር ወደ ዳልይ ሄዱ። በዚያው ወር በሳራየቮ ከተማ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ተገደለ፤ ከአንድ ወር በኋላም ኦስትሪያ በሰርብያ ላይ ጦርነት አወጀች። ዳልይ በኦስትሪያና በሁንጋሪያ ግዛት ውስጥ ስለ ነበረች፤ የሰርብያ ዜጋ የሆነው መምህር በተወለደበት መንደር የጠላት አገር ሰው ተባለና ተያዘ። በኦሲየክ ምሽግ ውስጥ ባለ ወህኒ ቤትም ታሰረ።

የመጀመሪያውን ቀን ሲያስታውስ እንዲህ ይላል፤ የብረቱ በር ከኋላው ሲዘጋ በአልጋው ላይ ተቀምጦ ጥቂት ጊዜ የሚያደርገው ጠፋው። ከዚያ በኋላ ዐይኑ በሻንጣው ላይ ዐረፈ፤ በሻንጣው ውስጥ የጀመረው የስሌት ወረቀት ነበር። ወረቀቱን አውጥቶ ብዕሩን ይዞ መሥራት ጀመረ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ቀና ብሎ ሲመለከት የት እንዳለ ወዲያው ትዝ አላለውም። ጠባቧ ክፍል በጠፈር ውስጥ ለሚጓዝ መንገደኛ የአንድ ሌሊት ማደሪያ መስላ ታየችው።

ሙሽራይቱ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ወደ ቪየና ሄዳ ባልዋን ያስተማሩትን ፕሮፌሰር ኢማኑኤል ቹበርን ደጅ ጠናች። ፕሮፌሰሩም ለሹማምንቱ ነግረው በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር እስረኛው ወደ ቡዳፔስት ተዛውሮ ከከተማው ሳይወጣ እየሠራ እንዲኖር ተፈቀደለት። በዚያ የሁንጋሪያ የሳይንስ አካዳሚ ቤተ መጻሕፍት ሹማምንት የጠላት ዜጋ ነው ብለው በር አልዘጉበትም። መንግሥታቱ ሲዋጉ ሊቃውንቱ አንዱ ለሌላው ቦታ ለቀቁ። ሚላንኮቪችም አራት ዓመት ያህል በዚያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሠራ፤ ልጁ ቫሲሊየም በ1915 ዓ.ም. ተወለደለት።

በነዚያ ዓመታት ስለ መሬት ብቻ ሳይሆን ስለ ማርስም አሰላ። በማርስ ላይ የሰለጠኑ ፍጡራን የውሃ ቦይ ቆፍረዋል የሚል ወሬ በሚወራበት ዘመን፤ የዚያች ፕላኔት አማካይ ሙቀት ውሃ በረዶ ከሚሆንበት መጠን እጅግ በታች መሆኑን በሒሳብ አሳየ። ማርስን ሰው የሠራው መሣሪያ ቀርቦ የለካት ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፤ በእርግጥም እጅግ ቀዝቃዛ ሆና ተገኘች።

ጦርነቱ አልቆ በ1919 ዓ.ም. ወደ ቤልግራድ ተመለሰ። በሚከተለውም ዓመት የስሌቱ ውጤት በፈረንሳይኛ ቋንቋ በፓሪስ ታተመ።

ከሐምቡርግ የመጣው ደብዳቤ

በ1922 ዓ.ም. ከሐምቡርግ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። የላኩት ቭላዲሚር ኬፐን ነበሩ። ኬፐን በዚያን ጊዜ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው፤ የዓለምን አየር ጠባይ በየክፍሉ ለይተው በካርታ ያስቀመጡ ታላቅ ሊቅ ናቸው። የልጃቸው ባል አልፍሬድ ቬገነር ደግሞ አህጉራት ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ ያለው ነው። ሁለቱም ስለ ጥንት ዘመን የአየር ጠባይ መጽሐፍ በማዘጋጀት ላይ ስለ ነበሩ የሚላንኮቪችን እርዳታ ፈለጉ።

ከዚህ በኋላ በተደረገው መጻጻፍ አንድ ትልቅ ጥያቄ ተነሣ። ለበረዶ ዘመን መምጣት ምክንያት የሚሆነው የትኛው ወራት ነው? ክሮል የቅዝቃዜው ወራት ሲበረታ ነው ብሎ ነበር። ኬፐን ግን አይደለም አሉ። በሰሜን አገሮች የቅዝቃዜው ወራት ምንጊዜም በረዶ ለማውረድ የሚበቃ ቅዝቃዜ አለው፤ ጥያቄው የወረደው በረዶ በበጋ ይቀልጣል ወይስ አይቀልጥም ነው። በጋው ቀዝቃዛ ከሆነ የአምናው በረዶ ሳያልቅ የዘንድሮው ይጨመርበታል። ነጭ በረዶ ደግሞ የፀሐይን ጨረር ወደ ላይ ስለሚመልስ አገሩ ይብስ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ምክንያት ትልቅ ውጤት የሚያመጣው በዚህ አኳኋን ነው።

ሚላንኮቪች ይህን ምክር ከተቀበለ በኋላ ከጧት እስከ ማታ 100 ቀን አሰላ። በሰሜን 55፣ 60 እና 65 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ባለፉት 650 ሺህ ዓመታት በበጋ የወረደውን የፀሐይ ጨረር አውጥቶ በመስመር ሣለው። መስመሩ አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ዝቅ ያለባቸው ዘመናት፤ ጂኦሎጂስቶች በአልፕስ ተራሮች ሥር ባለው ጠጠርና ደለል ካገኟቸው ከአራቱ የበረዶ ዘመናት ጋር የሚገጥሙ ሆነው ታዩ። ሥዕሉ በ1924 ዓ.ም. በኬፐንና በቬገነር መጽሐፍ ታትሞ የሚላንኮቪች ስም በአውሮፓ ተሰማ።

ይህ ሰው ሊቅነቱን ለሌላም ነገር አውሎታል። በ1923 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መልእክተኞች ስለ ዘመን አቈጣጠር ለመምከር በቁስጥንጥንያ በተሰበሰቡ ጊዜ፤ የዩልዮስን አቈጣጠር የሚያርም ሒሳብ አቀረበ። በእኛ አገር እንደሚደረገው በየአራት ዓመቱ ያለ ማቋረጥ አንድ ቀን የሚጨመር ከሆነ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ቀኑ ከፀሐይ አካሄድ ይለያል። እርሱ ያወጣው ሥርዓት ልዩነቱን እጅግ ያጠበበ ነው። አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ተቀበሉት፤ የሰርብያ ቤተ ክርስቲያን ግን በዱሮው አቈጣጠር ጸናች።

መጽሐፉና ጦርነቱ

ሚላንኮቪች በልዩ ልዩ ጊዜ የጻፈውን ሁሉ አርሞና አስፋፍቶ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰበሰበ። መጽሐፉ በጀርመንኛ የተጻፈ ሲሆን ከ600 ገጽ በላይ ነበር። በቤልግራድ የታተመው በ1941 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር መጀመሪያ ነው። ወሩ በገባ በስድስተኛው ቀን የሂትለር አውሮፕላኖች ቤልግራድን ደበደቡ። ማተሚያ ቤቱ ተቃጠለ፤ የመጽሐፉም የመጨረሻ ገጾች ጠፉ። የቀረው ወረቀት በመትረፉ የጠፋውን እንደገና አትመው መጽሐፉን ለማሟላት ተቻለ።

ከተማው በጀርመኖች ከተያዘ በኋላ በሜይ ወር ሁለት የጀርመን መኮንኖች ቤቱን አንኳኩ። ሰዎቹ ግን ሊይዙት አልመጡም። ከጦርነቱ በፊት የጂኦሎጂ ተማሪዎች ነበሩና ከመምህራቸው የተላከ ሰላምታ ይዘው ነበር የመጡት። ሚላንኮቪችም በእጁ የነበረውን ሙሉ መጽሐፍ ሰጣቸው። አገሩን በኃይል ለያዘው ሠራዊት መኮንን የሠላሳ ዓመት ድካሙን መስጠቱ ሊያስደንቅ ይችላል። ነገር ግን ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት የጠላት አገር ሊቃውንት ቤተ መጻሕፍታቸውን እንደ ከፈቱለት ያልረሳ ሰው ነበር። የሚፈራውም ስሌቱ ከከተማው ጋር ተቃጥሎ እንዳይቀር ነው።

የተናቀበት ዘመን

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካዊው ዊላርድ ሊቢ ባወጣው በካርቦን ዕድሜን የመለየት ዘዴ፤ ጂኦሎጂስቶች በበረዶ ደለል ውስጥ የተገኘውን የእንጨትና የዕፅዋት ርዝራዥ ዕድሜ ይለኩ ጀመር። ከተገኙት ዕድሜዎች አንዳንዶቹ ከሚላንኮቪች መስመር ጋር አልተስማሙም። የአልፕሱም የአራት በረዶ ዘመናት ታሪክ ከታሰበው ይልቅ የተወሳሰበ መሆኑ ታወቀ። የአየር ጠባይ አጥኚዎችም የጨረሩ ለውጥ ይህን ያህል በረዶ ለማምጣት አይበቃም አሉ። በዚህም የተነሣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ትምህርቱን ተዉት፤ በ1920ዎቹ ያመሰገኑት ሁሉ በ1950ዎቹ ዝም አሉ።

ሚላንኮቪች ግን ስሌቱን አልለወጠም። የመሬት መንገድ የሚታወቀው በኒውተን ሕግ ስለ ሆነ፤ ከዚያም ጨረሩን ማስላት የሒሳብ ነገር ስለ ሆነ፤ የእርሱ ድርሻ ትክክል መሆኑን ያውቅ ነበር። የበረዶውን ዘመን ለይቶ ማወቅ የጂኦሎጂስቶች ሥራ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ገና ሰዓታቸውን አላስተካከሉም። በዲሴምበር 12 ቀን 1958 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ በቤልግራድ ሞተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንደ ፈቃዱ ዐጽሙ ወደ ተወለደበት ወደ ዳልይ ተወስዶ ተቀበረ።

ከሞተ በኋላ

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ማስረጃው የተገኘው ማንም ባላሰበው ስፍራ፤ በባሕር ወለል ላይ ነው። በውቅያኖስ ጥልቀት ውስጥ ያለው ጭቃ ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ ሳይነካ በንብርብር የተከማቸ ነው። በጭቃው ውስጥ የሚገኙት የጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊቶች በኖሩበት ዘመን በምድር ላይ የነበረው በረዶ ብዙ ወይም ጥቂት መሆኑን በኬሚስትሪ ምርመራ ያሳያሉ። ጄምስ ሄይስ፤ ጆን ኢምብሪና ኒኮላስ ሻክልተን የሚባሉ ሦስት ሊቃውንት ከሕንድ ውቅያኖስ ደቡብ የወጣውን ጭቃ መርምረው ያለፉትን 450 ሺህ ዓመታት ታሪክ አነበቡ። በ1976 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍም በረዶው የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ዘመን በ100 ሺህ፤ በ42 ሺህ ግድም፤ በ23 ሺህና በ19 ሺህ ዓመት ግድም የሚመላለስ መሆኑን አሳዩ። እነዚህም ሚላንኮቪች በስሌቱ የተጠቀመባቸው የመሬት እንቅስቃሴዎች ዘመናት ናቸው። ይህ ማለት ግን ሁሉ ነገር ታወቀ ማለት አይደለም። የ100 ሺህ ዓመቱ ለውጥ በጨረር በኩል እጅግ ትንሽ ሲሆን በበረዶው ላይ ግን ትልቅ ሆኖ መታየቱ ስለ ምን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የስሌቱ ጥቅም ለሰሜን በረዶ ብቻም አልሆነም። በ1981 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጆን ኩትስባክ ከ9 ሺህ ዓመት በፊት የነበረውን የመሬት አቋም በኮምፒዩተር አስገብቶ ያሰላ ጊዜ፤ በጁላይ ወር ወደ መሬት የሚወርደው ጨረር ከዛሬው ከመቶ 7 ይበልጥ እንደ ነበረ፤ ስለዚህም በአፍሪካና በእስያ የሚዘንበው የበጋ ዝናም የበረታ መሆኑን አገኘ። ያ ዝናም እኛ ክረምት የምንለው ነው። የዚህም ምስክር በአገራችን ይገኛል። ዝዋይ፤ ላንጋኖ፤ አብያታና ሻላ ዛሬ አራት ሐይቆች ናቸው፤ በዚያን ዘመን ግን አንድ ሰፊ ሐይቅ ሆነው ውሃው ወደ አዋሽ ይፈስ እንደ ነበረ በዙሪያቸው ካሉት ኮረብቶች ግርጌ ከፍ ብሎ የሚታየው የጥንቱ የሐይቅ ዳር ምልክትና ደለል ያስረዳል።

ዛሬ ዓለም በመሞቅ ላይ ስለ ሆነች ይህም ከመሬት መንገድ መለወጥ የመጣ ይሆን ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ። መልሱን የሚሰጠው ያው የሚላንኮቪች ሒሳብ ነው። በሰሜን የሚወርደው የበጋ ጨረር ካለፉት አሥር ሺህ ዓመታት ወዲህ ቀስ እያለ ሲቀንስ የመጣ ስለ ሆነ፤ ነገሩ ለእርሱ ብቻ ቢተው መሬት በዝግታ ትቀዘቅዝ ነበር እንጂ በመቶ ዓመት ውስጥ እንዲህ አትሞቅም። ዛሬ የተለወጠው ሌላው ሸክም ነው። ሰው በሚያቃጥለው የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ምክንያት በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን ጋዝ፤ ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል የነበረው፤ ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። የፀሐይን ጨረር ለውጥ ለማስላት የተጀመረው ዘዴ አሁን የሰውን ሥራ ከተፈጥሮ ሥራ ለመለየት ያገለግላል።

በጨረቃና በማርስ ላይ በሚላንኮቪች ስም የተጠሩ ስፍራዎች አሉ፤ የመሬት እንቅስቃሴዎቹም የሚላንኮቪች ዑደት ተብለው በየትምህርት ቤቱ ይጠናሉ። ይህን ክብር እርሱ አላየውም። ያየው ነገር ቢኖር ጠባብ ክፍል፤ ብዙ ወረቀትና ትዕግሥት ብቻ ነበር። የተሰጠውን ሥራ ጠንቅቆ የሠራ ሰው ምስጋናው ቢዘገይበት ሥራው አይጠፋም። ወጣቶችም ቢሆኑ ደመወዙ ባነሰበት፤ ተመልካችም በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሒሳባቸውን በእውነት ሲሠሩ፤ የኦሲየክን ወህኒ ቤትና የዚያችን ሌሊት ብዕር ቢያስታውሱ ይጠቅማቸዋል።